የቃኘው ዘማቾች ትዝታ፦ ከኤም-ዋን ጠመንጃ እስከ ባሕር ላይ አውሮፕላን

በሰሜን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ወደ መሃል ከተማው በሚቃረብበት በአፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ይገኛል። ከሽሮ ሜዳና ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ፒያሳ የሚወርድ መንገደኛ በአቅራቢያው ያልፋል። የዘመቻው ታሪክ በጥቅሉ ይታወቃል። ወታደሩ በእጁ ምን ይዞ እንደተዋጋ እና በራሱ ላይ እያለፈ ጠላትን ይደበድብ የነበረው አውሮፕላን ከየት ይነሣ እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህን ከዐይን ምስክርነት ሊያስረዱ የሚችሉት ዘማቾች ዛሬ ዕድሜያቸው 90 ዓመትን የተሻገረ አረጋውያን ናቸው፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ እየተመናመነ ነው።

የኮሪያ ጦርነት የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም ነው። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም በፋሺስት ኢጣሊያ ስትወረር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ደጇን ዘግቶባት ነበር። በመሆኑም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት «ተወራሪን እናድን» የሚል ጥሪ ሲያቀርብ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጋራ ደኅንነት መርሕ በቃል ብቻ እንዳይቀር ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ላኩ። ሻለቃው «ቃኘው» የተባለው በንጉሠ ነገሥቱ አባት በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ ሚያዝያ 5 ቀን 1943 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮም በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም እስኪፈረም ድረስ ሦስት የቃኘው ሻለቆች ተራ በተራ ተሰልፈዋል። 121 ኢትዮጵያውያን ሲሠዉ፣ 536 ቆስለዋል። አንድም ኢትዮጵያዊ ወታደር አልተማረከም።

ጠመንጃውና የሀገር ቤት ስሙ

የኢትዮጵያ ገበሬ ጠመንጃን የሚያውቀው በፋብሪካ ስሙ ሳይሆን እርሱ ባወጣለት ስም ነው። «ውጅግራ» የተባለው «ፉዚል ግራ» ከተሰኘው የፈረንሳይ ጠመንጃ ስም የተወለደ ነው። «ስናድር» የእንግሊዙ ነው። ሬሚንግተን የተባለው ደግሞ በ1868 ዓ.ም በጉንደትና በጉራዕ ድል ከተመታው የግብፅ ጦር እጅ በብዛት ወደ ኢትዮጵያውያን ገብቷል። «ቤልጅግ» የሚለው ስም የተሠራበትን ሀገር ይናገራል፤ የክብር ዘበኛን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያሠለጠኑትም የቤልጅየም መኮንኖች ነበሩ።

እነዚህ ጠመንጃዎች በአሠራር ይለያያሉ። ውጅግራ አንድ ጥይት ጎርሶ አንዱን ተኩሶ እንደገና መጉረስ የሚፈልግ ነው። ቤልጅግ አምስት ጥይት ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያውን በእጁ ስቦ ቀለሁን ማስወጣትና ቀጣዩን ጥይት ማስገባት አለበት። እጁ ወደ መቀርቀሪያው በሄደ ቁጥር ዐይኑ ከዒላማው ይነሣል።

ቃኘው ኮሪያ ሲደርስ የተረከበው ኤም-ዋን ጋራንድ ይህን ሁሉ የለወጠ ነበር። ጠመንጃውን የነደፈው ጆን ጋራንድ በአሜሪካ መንግሥት የስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠራ ትውልደ ካናዳዊ ባለሙያ ነበር። የአሜሪካ ጦርም በ1928 ዓ.ም መደበኛ ጠመንጃው አድርጎ ተቀብሎታል። ጥይት ሲተኮስ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ አቅራቢያ ባለች ቀዳዳ ገብቶ ዘንጉን ወደ ኋላ ይገፋል። ዘንጉ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፤ ቀለሁን ያስወጣል። ከዚያም ሞላው መልሶ ሲገፋው ቀጣዩ ጥይት ይጎርሳል። ወታደሩ ቃታ መሳብ ብቻ ይቀረዋል። ስምንት ጊዜ ቢስብ ስምንት ጥይት ይተኩሳል።

ስምንቱ ጥይቶች በቀጭን የብረት ማቀፊያ ተይዘው ከላይ በአንድ ጊዜ ይጎርሳሉ። መሣሪያው ባዶውን 4.3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጥይቱ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። ማቀፊያውን ሲያስገባ ጣቱን ቶሎ ያላነሣ ወታደር፣ መቀርቀሪያው በኃይል ተመልሶ አውራ ጣቱን ይቀጠቅጠዋል። በየትኛውም ሀገር ኤም-ዋን የያዘ አረጋዊ ወታደር ከሚያስታውሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ የጣት ሕመም ነው።

ሌላው ትዝታ ድምፁ ነው። የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ባዶው ማቀፊያ እንደ ቃጭል ጮኾ ወደ ላይ ይዘላል። «ጠላት ድምፁን ሰምቶ ጥይት ማለቁን እያወቀ ይመጣ ነበር» የሚል ወሬ በዘማቾች ዘንድ በሰፊው ይነገራል። ነገሩ ሲመረመር ግን ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን አልነበረም። መድፍ፣ መትረየስና የእጅ ቦምብ በሚያስተጋቡበት ሸለቆ ትንሽ የብረት ድምፅ ርቆ አይሰማም፤ ደግሞም ወታደር ብቻውን አይተኩስም፤ የአንዱ ጥይት ሲያልቅ የጓዱ ገና ነው።

የኮሪያ ክረምት ሌላ ፈተና ነበር። የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ተራራ ላይ ዘይት የበዛበት መቀርቀሪያ ይወፍራል፤ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጣበቃል። ስለዚህ ዘይቱን በስሱ መቀባትና መሣሪያውን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ የዕለት ሥራ ነበር። ከደጋ ለሄደ ኢትዮጵያዊ ብርድ እንግዳ ባይሆንም በረዶ የተከመረበት ምሽግ ግን አዲስ ነበር።

ጠመንጃ ብቻውን ውጊያን አይወስንም። በግንቦት 1945 ዓ.ም በማሞ ሀብተወልድ የተመራ አነስተኛ የቃኝ ቡድን በብዙ እጥፍ በሚበልጥ የቻይና ጦር ተከቦ ሌሊቱን ሲዋጋ አድሯል። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ተራራ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያኑን ተጋድሎ መዝግቧል። በዚያ ሌሊት ለተከበበ ቡድን ከጥይት እኩል የሚያስፈልገው የሬዲዮ ግንኙነት ነበር፤ መድፍ የሚጠራው በሬዲዮ ነውና። አውሮፕላንም የሚጠራው እንደዚሁ ነው።

አውሮፕላን ከመርከብ ላይ እንዴት ይነሣል?

አንድ አያት «አውሮፕላኑ ከባሕር ተነሥቶ መጣልን» ቢል የልጅ ልጁ ሊጠራጠር ይችላል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ከኮሪያ ባሕረ ገብ መሬት በስተ ምሥራቅ 77ኛው ግብረ ኃይል የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስብስብ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን አሰልፎ ነበር። በምዕራብ በኩል ደግሞ የእንግሊዝ ተሸካሚዎች ይንቀሳቀሱ ነበር። የመጀመሪያው ጥቃት የተሰነዘረው ሰኔ 26 ቀን 1942 ዓ.ም ሲሆን፣ የአሜሪካው ቫሊ ፎርጅ እና የእንግሊዙ ትራያምፍ አውሮፕላኖቻቸውን በፒዮንግያንግ አካባቢ ወዳሉ ዒላማዎች ልከዋል።

የአውሮፕላን ክንፍ የሚያነሣው በላዩና በሥሩ የሚያልፈው ነፋስ ነው። በየብስ አውሮፕላኑ ይህን ነፋስ የሚያገኘው ረጅም መንገድ በመንደርደር ነው። መርከብ ግን ርዝመቱ ውስን ነው፤ በጊዜው የነበሩት ትልልቆቹ የአሜሪካ ተሸካሚዎች 270 ሜትር ያህል ይረዝሙ ነበር። የመርከቡ ወለል ግማሹ በተደረደሩ አውሮፕላኖች ስለሚያዝ ለመንደርደሪያ የሚቀረው ከዚያም ያነሰ ነው። መፍትሔው መርከቡን ወደ ነፋሱ አዙሮ በፍጥነት መንዳት ነው። ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነፈሰ፣ መርከቡ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ወደ ነፋሱ ቢጓዝ፣ የቆመው አውሮፕላን ገና ሳይንቀሳቀስ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ያገኛል ማለት ነው።

ለከባድ አውሮፕላን ይህም ስለማይበቃ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ማስወንጨፊያ ያግዘዋል። ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋዩን በወንጭፍ ሲለቀው ከእጅ ውርወራ ይበልጥ እንደሚርቅ ሁሉ፣ ማስወንጨፊያውም አውሮፕላኑን በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ ወደ መብረሪያ ፍጥነቱ ያደርሰዋል።

ማረፍ ከመነሣት ይከብዳል። አውሮፕላኑ በጅራቱ ሥር መንጠቆ አለው። በመርከቡ ወለል ላይ የብረት ገመዶች አግድም ተዘርግተዋል። መንጠቆው አንዱን ገመድ ሲይዝ አውሮፕላኑ በአጭር ርቀት ይቆማል። በዚያ ዘመን አብራሪውን የሚመራው በመርከቡ ጫፍ ቆሞ በሁለት እጁ ምልክት የሚያሳይ መኮንን ነበር፤ «ከፍ በል»፣ «ዝቅ በል»፣ «ሞተር ቀንስ»፣ «ተመለስ» የሚለው ሁሉ በእጅ ምልክት ይነገራል። ገመዱን የሳተ አውሮፕላን ፊት ለፊት የቆሙትን እንዳይገጭ መከላከያ ይወጠር ነበር። አብራሪው ስቶ እንደገና እንዲነሣ የሚያስችለው ሰያፍ ወለል በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ከእነዚህ መርከቦች ኮርሴርና ስካይሬደር የተባሉ ባለ ውልብልቢት፣ ፓንተር የተባሉ ደግሞ የጄት አውሮፕላኖች ይነሡ ነበር። ከ1945 ዓ.ም መባቻ አንሥቶ የባሕር ኃይሉ አውሮፕላኖች ከግንባሩ ጀርባ፣ መድፍ የማይደርስባቸውን የጠላት ማከማቻዎችና ምሽጎች በስፋት መደብደብ ጀመሩ። እግረኛው በበኩሉ የራሱን ይዞታ ለአብራሪው ለማሳየት ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ መሬት ላይ ይዘረጋ ነበር። ጨርቁ በተሳሳተ ቦታ ከተዘረጋ የወገን ቦምብ በወገን ላይ ይወርዳል። በሽማግሌ ትረካ ውስጥ ስለ አንድ ቁራጭ ጨርቅ የሚነሣ ወሬ ተራ ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም ከአሜሪካ የተረከበችውና «ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችው የባሕር ኃይሏ ዋና መርከብ፣ ቀድሞ ኦርካ እየተባለች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና የምታቀርብ ነበረች። መቀመጫዋን ምጽዋ ያደረገችው መርከብ በ1983 ዓ.ም ወደ የመን ከሸሸች በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች። በእርሷ ላይ ያገለገሉ የባሕር ኃይል አባላት ትዝታም እንደ ቃኘው ዘማቾች ሁሉ መዝጋቢ ይሻል።

ትዝታን ከመጥፋት ለማዳን

የቃኘው ታሪክ ለረጅም ጊዜ በሙሉ ድምፅ አልተነገረም። በ1967 ዓ.ም ሥልጣን የያዘው ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት በመመሥረቱ፣ ሰሜኑን የተዋጉት ዘማቾች ስለ ጀብዷቸው በአደባባይ መናገር የሚከብዳቸው ጊዜ ሆነ። ኤም-ዋንም ቦታውን ለኤም-14፣ ኋላም ለክላሽ ለቀቀ። በአንጻሩ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም በተገኙበት የተመረቀው የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ዛሬም ቆሟል።

ዘማች አባት ወይም አያት ያለው ቤተሰብ፣ በከተማም ሆነ በገጠር፣ ዛሬውኑ ሊሠራው የሚችለው ሥራ አለ። አረጋዊን «ስለ ጦርነቱ ይንገሩን» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። ቀንና የቦታ ስም ከአእምሮ ይጠፋል፤ እጅ የለመደው ነገር ግን ቶሎ አይረሳም። «ጠመንጃዎ ስንት ጥይት ይጎርስ ነበር? እንዴት ያጸዱት ነበር? ብርዱ ምን ያደርገው ነበር? አውሮፕላን ሲመጣ ምን ዘረጋችሁ? ሬዲዮውን የሚሸከመው ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስምንት ጥይት የሚል መልስ ኤም-ዋንን፣ አምስት የሚል ደግሞ ቤልጅግን የመሰለ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃን ይጠቁማል። መልሱን በስልክ ድምፅ መቅጃ ይዞ የተቀዳበትን ቀን መጻፍ፣ ከፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹን ስም ማስፈር፣ ሜዳሊያና የምስክር ወረቀትን ከእርጥበት መጠበቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

በቤት ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ ወይም ጥይት ካለ ግን ቅርስ ነው ብሎ መነካካት አደገኛ ነው። ለብዙ ዓመታት የተቀመጠ ጥይት ሊከሽፍ ወይም ሳይታሰብ ሊፈነዳ ይችላል፤ ልጅ ከሚደርስበት መራቅ አለበት። መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ብረቱን መንግሥት ይረከበዋል፤ ታሪኩን ግን ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መመዝገብ የቤተሰቡ ድርሻ ነው።