አሮጊቷ መርከብ

በታንዛኒያ አገር ታንጋኒካ የሚባል ረጅም ሐይቅ አለ። በዳርቻው ያሉ ብዙ መንደሮች ወደብ የላቸውም። በዚያ ስለሠራችው ስለ ሊምባ መርከብና ስለ መንገደኞቿ እናጫውታችሁ።

ሊምባ ራቅ ብላ ትቆምና ጡሩምባዋን ትነፋ ነበር። መንገደኛው በትንንሽ ጀልባ ይመጣል። ጨለማም ቢሆን እናት ልጇን አዝላ ከምትወዛወዘው ጀልባ ወደ መርከቧ ትሻገራለች። የደረቀ ዓሣና አናናስም አብሮ ይጫናል።

መርከቧ የተሠራችው በጀርመን አገር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 ነው። በ1916 በጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ጠላት እንዳይወስዳት ብለው ራሳቸው አሰጠሟት። አስቀድመው ግን ሞተሯን ግራሶ ቀቡት። በ1924 እንግሊዞች ሲያወጧት ሞተሩ ደህና ነበር። በ1927 እንደገና ሥራ ጀመረች።

ያ ግራሶ ባይቀባ ኖሮ እነዚያ እናቶች በምን ይሳፈሩ ነበር? እኛም ማረሻችንን ሳይዝግ እንጠብቅ።