የጎርፍና የዝናብ ውሃ አስተዳደር ማኑዋል (አዳማ)

የጎርፍና የዝናብ ውሃ አስተዳደር ማኑዋል አንድ ከተማ ጎርፍ የሚተኛበትን መሬት እንዴት እንደሚለይ፣ የውሃ ማፋሰሻ ቦዮቹን በምን ልክ እንደሚሠራ፣ ከተሠሩም በኋላ እንዴት እንደሚጠብቃቸው የሚዘረዝር የሙያ ሰነድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚገኙት ለአዳማ (ናዝሬት)፣ ለሞጆ፣ ለቢሾፍቱና ለባቱ (ዝዋይ) ይህ ሰነድ የሰው ሕይወትና ንብረት የሚነካ ጉዳይ ነው።

መልክዓ ምድር

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ዙሪያዋ በኮረብታና በተረተር የተከበበ ስለሆነ ብዙው የከተማው ክፍል እንደ ሳህን ዝቅ ያለ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይጥላል። የአካባቢው አፈር በብዛት ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ በመሆኑ ዛፍና ሣሩ ከተነሣ በቀላሉ ይሸረሸራል። ስለዚህ ወደ ከተማው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ደለልም ይዞ ይመጣል።

ሁለት ዓይነት ጎርፍ

ለአካባቢው የሚዘጋጅ ማኑዋል ሁለት የተለያዩ ጎርፎችን ለይቶ ማየት አለበት።

የመጀመሪያው ከኮረብታ በድንገት የሚወርድ ደራሽ ጎርፍ ነው። በበጋ ደረቅ የሆነ ቦይ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ደረቅ የወንዝ አልጋ ባዶ መሬት እንዳልሆነ ይህ አደጋ በግልጽ አሳይቷል።

ሁለተኛው የአዋሽ ወንዝ ሙላት ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም ከአዳማ በስተደቡብ በወንጂ ሜዳ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ከማመንጨት ሌላ ሙላቱን ያበርዳል። ነገር ግን ሐይቁ በደለል በተሞላ ቁጥር ውሃ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ይህ ጎርፍ ከደራሹ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ጊዜ ይኖራል፤ ሜዳው ላይ የሚቆየው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

የቦይ ልክ እንዴት ይሰላል?

ለትናንሽ ተፋሰሶች በሰፊው የሚሠራበት ስሌት ሦስት ቁጥሮችን ያባዛል፦ የመሬቱን ስፋት በሄክታር፣ የዝናቡን ኃይል በሰዓት በሚሊ ሜትር፣ እንዲሁም ከዝናቡ ወደ ጎርፍ የሚለወጠውን ድርሻ። ውጤቱ ለ360 ሲካፈል በሴኮንድ የሚፈስሰው ውሃ በሜትር ኩብ ይገኛል።

ለምሳሌ 36 ሄክታር ኮረብታ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ መሬቱም ሣር ለብሶ ድርሻው 0.3 ቢሆን፣ ጎርፉ በሴኮንድ 1.5 ሜትር ኩብ ነው። ያው ኮረብታ በቆርቆሮ ጣሪያና በአስፋልት ተሸፍኖ ድርሻው 0.8 ቢደርስ ግን 4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ላይኛው ሰፈር ሲሠራ የታችኛው ሰፈር ቦይ የሚጠብበት ምክንያት ይህ ነው።

ማኑዋሉ የትኛው ቦይ ለስንት ዓመት ጎርፍ እንደሚሠራም ይወስናል። «የ10 ዓመት ጎርፍ» ማለት በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ ከ10 አንድ የሆነ ጎርፍ ነው እንጂ በ10 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በተከታታይ 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰት ዕድሉ 65 በመቶ ገደማ ነው።

ካርታና ኮምፒውተር

እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበ የመሬት ከፍታ መረጃ በነጻ ይገኛል። ኮምፒውተሩ መሬቱን በትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ የእያንዳንዱ ካሬ ውሃ ከ8ቱ ጎረቤቶቹ ወደ የትኛው እንደሚወርድ በማስላት የጎርፉን መንገድ ይሥላል። ሆኖም የአንዱ ካሬ ጎን 30 ሜትር ያህል ስለሆነ የአንድ ሜትር ቦይ፣ አጥር ወይም የተደፈነ ቱቦ አይታይበትም። ስለዚህ በቦታው ተገኝቶ መለካትና ነዋሪውን «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

የአገሪቱ ማኑዋሎች

የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን የውሃ ማፋሰሻ ዲዛይን ማኑዋል እ.ኤ.አ. በ2002 አውጥቶ በ2013 አሻሽሎታል። ዋና ዓላማው መንገድንና ድልድይን ከውሃ መጠበቅ ነው። የከተማ ማኑዋል ግን ከመንገዱ ዳር አልፎ ውሃው መጨረሻ የት እንደሚገባ መመለስ አለበት። በቢሾፍቱ ለምሳሌ እንደ ሆራና ባቦጋያ ያሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች በገጸ ምድር መውጫ የላቸውም፤ ጎርፍ ይዞት የገባ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል።

ጥገና

በትክክል የተሰላ ቦይም በፌስታል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስና በደለል ከተደፈነ አይሠራም። ስለሆነም ጠቃሚ ማኑዋል ከስሌቱ ጎን ሦስት ነገሮችን ያስቀምጣል፦ ቦዮቹ ክረምት ሳይገባ በግንቦት የሚጠረጉበትን መርሐ ግብር፣ በኮረብታው ላይ የሚሠሩትን እርከንና ክትር፣ እንዲሁም ቤት እንዳይሠራበት የሚከለከለውን የቦይ ዳር። የመጨረሻው ከሁሉ የሚከብድ ነው። ዝቅ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ርካሽ በመሆኑ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው የሚሰፍርበት እዚያ ነው፤ ክልከላው ምትክ ቦታ ካልታከለበት ወረቀት ላይ ይቀራል።