የተዋስነው መኪና ሲጋጭ ማን ይከፍላል?

አሰላ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከሚመጣልኝ ጉዳይ ሁሉ የሚያሳዝነኝ የጓደኛሞች ክርክር ነው።

ባለፈው ክረምት ሁለት ወዳጆች መጡ። አንዱ የሌላውን ፒክአፕ ለሰርግ ተውሶ ወደ ሳጉሬ ሲጓዝ ከጭላሎ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፈነበትና ከፈረስ ጋሪ ጋር ተጋጨ። የፒክአፑ ፓራውልት ተጨማደደ፣ ኮፈኑ ታጠፈ፤ የጋሪው ባለቤት ደግሞ ክንዱ ተሰበረ።

ባለመኪናው «እኔ አልነዳሁ፤ ምን አገባኝ?» አለኝ። ሕጉ ግን ያገባሃል ይለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ ሳይፈቀድለት የነዳው ሰው እንኳ ቢሆን። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ይድናል፤ በገዛ እጁ ቁልፍ የሰጠ ሰው ግን ተሰረቅሁ ሊል አይችልም። ስለዚህ ባለጋሪው ባለመኪናውን መክሰስ ይችላል፤ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። በጥፋቱ የጎዳው አሽከርካሪም ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ባለመኪናው የከፈለውን ከእሱ ሊጠይቅ ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ለባለጋሪው በተወሰነለት ጣሪያ ልክ ይደርስለታል። ለፒክአፑ ጥገና ግን አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ለዚያ ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል።

በሁለቱ ወዳጆች መካከል ያለው ግን የትውሰት ውል ነው። ተዋሹ ዕቃውን ተጠንቅቆ ይዞ፣ በደህና የመመለስ ግዴታ አለበት። ለሳጉሬ የወሰደውን በቆጂ ካደረሰው ወይም ለሌላ ሰው አሳልፎ ከሰጠው፣ ኃላፊነቱ ይበልጥ ይከብዳል።

ሁለቱም ሽማግሌ መረጡ፤ ደግ አደረጉ። ጨፌ ኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥቷል። እኔ የለመንኳቸው ዕርቁን በጽሑፍ እንዲያኖሩት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት እንዲህ ያለ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። ተዋሹ የቦዲ ሥራውን ስንዴው ሲሸጥ ሊከፍል፣ ባለመኪናውም እስከዚያ ሊታገስ ተፈራረሙ።

ቁልፍ የምትሰጡ ወገኖቼ፣ መንጃ ፈቃዱን እዩ፣ መድኑ ጊዜው አለማለፉን አረጋግጡ፣ ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ሰው ባለበት ተነጋገሩ። ቁልፍ የምትቀበሉም ይህን ስትጠየቁ አትቀየሙ፤ ጥያቄው እናንተንም ይጠብቃችኋል።