በበረዶ ሜዳ፣ በስስ አየር

በኮሎራዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤዝቦል ውድድር የሚጀመረው በፈረንጆቹ ማርች ወር ነው። እንደ ስቲምቦት ስፕሪንግስ ባሉ የተራራ ከተሞች ግን ማርች ገና የበረዶ ወር ነው። ሜዳው ነጭ እንደለበሰ ልጆቹ ልምምዳቸውን በቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ ይጀምራሉ። ኳሱ በለስላሳው የእንጨት ወለል ላይ ቀጥ ብሎ እየነጠረ ይመጣላቸዋል። ውጭ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ጨዋታ ግን ሌላ ነው።

ስቲምቦት ከባሕር ጠለል በላይ 2,050 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ እንዲያውም 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነች ትበልጣታለች። አዲስ አበባን ከዚያ ሁሉ በረዶ ያዳናት ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኗ ነው። ስስ አየሩን ግን ሁለቱም ከተሞች ይጋሩታል።

ከፍታ አየሩን ያሳሳል፤ ብርድ ደግሞ መልሶ ያጠብቀዋል። ታዲያ ማን ያሸንፋል? በስቲምቦት ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው። ሙቀቱ 3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነበት ቀን እንኳ የአየሩ እፍግታ 25 ዲግሪ በሚሞቅ የባሕር ጠለል ከተማ ካለው 84 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። በአየሩ በኩል ከፍታው ያሸንፋል ማለት ነው።

በዚህ የሚጎዳው በመጀመሪያ ኳስ ወርዋሪው ነው። ከርቭቦል የሚሉትን ጠምዛዛ ውርወራ ሲወረውር ኳሱን አሽከርክሮ ይለቀዋል። የሚሽከረከረው ኳስ አየሩን ወደ አንድ ጎን ሲገፋ፣ አየሩ በበኩሉ ኳሱን ወደ ሌላው ጎን ይገፋዋል። ይህ የማግነስ ኃይል ይባላል። የሚገፋ አየር ሲያንስ ኃይሉም ያንሳል። በባሕር ጠለል በ18.44 ሜትር ጉዞው 45 ሴንቲ ሜትር የሚታጠፍ ኳስ በኮሎራዶ ዋና ከተማ በዴንቨር 37 ገደማ ብቻ ይታጠፋል። ለመቺው 8 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው፤ የዱላው ወፍራም ጫፍ ራሱ ከ7 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የተራራ ልጅ ወደ ቆላ ወርዶ ሲጫወት ደግሞ ውርወራው በድንገት አብዝቶ ስለሚታጠፍ ያንኑ ውርወራ እንደገና መለካት ይኖርበታል።

መቺው በተቃራኒው ይጠቀማል። ዴንቨር ላይ በደንብ የተመታ ኳስ በባሕር ጠለል ከሚሄደው 5 በመቶ ያህል ይርቃል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ በመሆኑ ኳሱም እርጥበቱን እያጣ ይቀልላል፤ ይበልጥም ይነጥራል። የከተማዋ ቡድን ሮኪስ በ2002 ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ማስቀመጥ የጀመረው ለዚህ ነው።

ብርዱ የሚበረታው በኳሱ፣ በእጁና በመሬቱ ላይ ነው። በውስጡ ቡሽ፣ ጎማና የሱፍ ክር ያለበት ኳስ ሲቀዘቅዝ የመንጠር ኃይሉ ይቀንሳል። የደረቀና የቀዘቀዘ ጣት ስፌቱን በደንብ አይቆነጥጥም። ኳሱ የዱላውን ትክክለኛ ቦታ ስቶ ሲያርፍ ዱላው ይርገበገባል፤ ንዝረቱም በቀጥታ ወደ መዳፍ ይደርሳል። በደነዘዘ እጅ ላይ ይህ ሕመም ለደቂቃዎች ይቆያል፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚቀጥለውን ኳስ በፍርሃት እንዲመታ ለማድረግ ይበቃል። ከሁሉም በላይ አሠልጣኞች ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

መሬቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶና ከዚያ በላይ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ የተራራ ፀሐይ ብትበረታም ቶሎ አያሟሟውም። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ይህ ያንኑ ውኃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ የሚያሞቅ ኃይል ነው። በረዶው ሲቀልጥም ከሥሩ ያለው አፈር ገና እንደ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው አይሰርግም። ከላይ ጭቃ፣ ከታች በረዶ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ሣር ያለው ትምህርት ቤት ዕድለኛ ነው፤ በረዶው ሲጠረግ በሣሩ መሃል ያሉት ጥቁር የጎማ ፍርፋሪዎች ብርሃኑን ውጠው የቀረውን ያቀልጡታል።

በዴንቨርና በኦሮራ ልጆቻቸው ቤዝቦል የሚጫወቱላቸው ወገኖቻችንም ይህ ይመለከታቸዋል፤ ዴንቨር ላይም በአማካይ በረዶ የሚበዛው በማርች ነው። የልምምድ ኳሶቹን ሌሊት መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ቤት ይደሩ። ለልጁም ተራው እስኪደርስ እጁን የሚያሞቅበት ወፍራም ጓንት ያዙለት።