ፋይሉ የእርስዎ፣ ቁልፉ የማን?

ዲግሪውን፣ የፓስፖርቱን ገጽ፣ የፋይዳ ካርዱን ወይም የቤት ካርታውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለራሱ የላከ ሰው በየቤቱ አለ። «ሴቭድ ሜሴጅስ» የምትባለው ቦታ ሳናስበው መዝገብ ቤታችን ሆናለች። ገንዘብ አትጠይቅም፣ ስልክ ቢጠፋም ትገኛለች፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ትቀበላለች። አሠሪ ፓስፖርታቸውን ይዞባቸው በዓረብ አገር ለሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ያቺ ፎቶ አንዳንዴ በእጃቸው የቀረች ብቸኛ ማስረጃ ናት። ስለዚህ «ክላውድ ላይ ምንም አታስቀምጡ» የሚል ምክር ከእኔ አይጠበቅ። የሚበጀው ፋይሉ እዚያ ከደረሰ በኋላ ማን ሊከፍተው እንደሚችል ማወቅ ነው።

ከስልክዎ የሚወጣ ፎቶ ገና ሲላክ ይመሰጠራል። የካፌውን ዋይፋይ ጠልፎ የሚያዳምጥ ሰው ቢኖር እንኳ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ይፈታና እንደገና ተመስጥሮ ዲስክ ላይ ያርፋል። እንደ ጎግል ያለ ትልቅ ኩባንያ ፋይሉን ቆራርጦ፣ ለየቁራጩ የየራሱን ቁልፍ አበጅቶ፣ ቅጂዎቹን በብዙ ማሽኖች ላይ ይበትናቸዋል። በስፋት የሚሠራበት የምስጠራ ስልት ኤኢኤስ-256 ይባላል፤ ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት በአሃዝ ቢጻፍ 78 አሃዝ ይወጣዋል። ቁልፉን በመሞከር ብዛት ማግኘት የማይታሰብ ነው። ከዳታ ሴንተሩ ዲስክ ነቅሎ የሚሮጥ ሌባ ቢኖር ይዞት የሚሄደው ብረት ብቻ ነው። በዚህ በኩል ክላውድ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተጣለው ፍላሽም ሆነ ከቤታችን ላፕቶፕ በብዙ ይሻላል።

ችግሩ ያለው ከቁልፎቹ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት እዚያው ኩባንያው ዘንድ ነው። ይህ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፓስወርድ ሲረሱ አካውንትዎን ከነፋይሉ የሚመልስልዎ፣ «ሰርግ» ብለው ሲፈልጉ የሰርግ ፎቶዎችን ለይቶ የሚያወጣልዎ መክፈት ስለሚችል ነው። ሳጥንን ከነመክፈቻው ለጎረቤት አደራ እንደመስጠት ማለት ነው። ጎረቤቱ የታመነ ሊሆን ይችላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣበት ግን ይከፍታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ክላውድ አክት» የአገሪቱ ኩባንያዎች ሕጋዊ ትእዛዝ ከደረሳቸው፣ ሰርቨሩ የትም አገር ይቀመጥ፣ በእጃቸው ያለውን መረጃ እንዲሰጡ ያስገድዳል። እኛም ዘንድ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መልካም ጅምር ነው፣ ቁልፉን ግን ከያዘው እጅ አያስለቅቅም።

ባለአደራው ሳጥኑን የሚከፍተው ታዝዞ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አንድ አባት የሕፃን ልጁ ብልት አብጦ ያገኘዋል። ጊዜው የኮሮና ነው፤ ሐኪም ቤት ሲደወል ነርሷ «ሐኪሙ በቪዲዮ ከማየቱ በፊት ፎቶ ላኩ» ትላለች። በአባትየው አንድሮይድ ስልክ ፎቶ ተነሣ፣ ሐኪሙ አይቶ መድኃኒት አዘዘ፣ ልጁም ዳነ። ስልኩ ግን ፎቶዎቹን ወደ ጎግል ክላውድ ገልብጧቸው ነበር። የሕፃናትን ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳዩ ምስሎችን የሚያስሰው የኩባንያው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶዎቹን «አጠራጣሪ» ብሎ መዘገባቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ አካውንቱ ተዘጋ። ኢሜይሉ፣ የስልክ አድራሻዎቹ፣ የልጁ የመጀመሪያ ዓመታት ፎቶዎች፣ የስልክ ቁጥሩም ጭምር (አገልግሎቱ የጎግል ነበርና) በአንዴ ተቆረጡ። ፖሊስ መርምሮ ወንጀል የለም ሲል መዝገቡን ዘጋ። መርማሪው ይህን ለመንገር ቢሞክርም ስልኩም ኢሜይሉም አልሠራ ብሎት ነበር! ኒው ዮርክ ታይምስ ታሪኩን በ2022 ይፋ ካደረገው በኋላም ጎግል በውሳኔው ጸና።

የማሽኑን ስህተት ልብ ይሏል። ቀድሞ የታወቁ ሕገወጥ ምስሎችን የሚለየው የቆየው ስልት፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ የምስሉን መለያ ቁጥር ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ብዙም አይስትም። አዲሱ ግን አይቶት የማያውቀውን ፎቶ ይዘት ይገምታል። ለሐኪም የተላከና ለወንጀል የተነሣ ፎቶ ለማሽን ዓይን አንድ ናቸው። ሕፃናትን ለመጠበቅ የሚደረገውን ፍለጋ አልቃወምም፤ የሚያንገበግበኝ ይግባኝ ሰሚ ሰው መታጣቱ ነው።

መክፈቻውን በባለቤቱ እጅ ብቻ የሚያስቀር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባል ስልትም አለ። ፋይሉ ስልክዎ ላይ ተቆልፎ ይሄዳል፣ ኩባንያው እንደተቆለፈ ይይዘዋል። አፕል ይህን ለአይክላውድ ፎቶዎችና ባክአፕ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው፤ ያውም ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ ሲያበራው ብቻ። የብሪታንያ መንግሥት መግቢያ ቀዳዳ እንዲበጅለት መጠየቁ ከተሰማ በኋላ፣ በየካቲት 2025 አፕል አገልግሎቱን ከዚያ አገር አነሣ። ዋትስአፕም መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየመሰጠረ፣ ጎግል ድራይቭ ላይ የሚያስቀምጠውን ባክአፕ በዚያው መንገድ መቆለፍ የፈቀደው በ2021 ነው፤ አሁንም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። የዚህ ስልት ዋጋው አንድ ነው፤ ቁልፉ ከጠፋብዎ የሚመልስልዎ የለም።

ቴሌግራምስ? «ምስጢራዊ ነው» የሚል ወሬ ስለበዛበት ብዙዎች ይዘናጋሉ። ከቻቶቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ክላውድ ላይ አይቀመጥም። ሴቭድ ሜሴጅስን ጨምሮ የቀረው ቻት ሁሉ ኩባንያው ሊከፍተው በሚችለው ቁልፍ የተያዘ ነው። ኩባንያው ቁልፎቹን ከፋፍሎ በተለያዩ አገሮች እንደሚያስቀምጥ ይናገራል። ማመን አለማመኑ የእርስዎ ነው።

ይህን ሁሉ ብልም፣ ተራ ሰው ፋይሉን የሚነጠቀው ከሁሉ በላይ በአካውንቱ በር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የዋየርድ መጽሔት ጋዜጠኛ ማት ሆናን የደረሰበት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ወጣት ሰርጎ ገቦች ወደ አማዞን የደንበኞች አገልግሎት ደውለው፣ በማባበል አካውንቱ ውስጥ ገቡና የክሬዲት ካርዱን የመጨረሻ አራት አሃዞች አዩ። አፕል ደግሞ እነዚያኑ አራት አሃዞች ከመኖሪያ አድራሻው ጋር እንደ ማንነት ማረጋገጫ ተቀበላቸው። አንዲት ፓስወርድ ሳይሰብሩ ስልኩን፣ አይፓዱንና ላፕቶፑን ከሩቅ ሆነው ባዶ አደረጓቸው። የፈለጉት አጭሯን የትዊተር ስሙን ነበር። የልጁን ፎቶዎች ብዙዎቹን ያወጣለት በኋላ ላፕቶፑን የመረመረ የዲስክ ጥገና ባለሙያ ነው፤ ሌላ ባክአፕ አልነበረውም።

በእኛ አገር ዘዴው ከዚህ ይቀላል። የሚያውቁት ሰው መስሎ «በስህተት ኮድ ልኬብህ ነበር፣ እስቲ ንገረኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። በኤስኤምኤስ የመጣችውን ያቺን የቴሌግራም መግቢያ ኮድ የሰጠ፣ ሌላ መከላከያ ካላበጀ፣ መዝገብ ቤቱን እንዳለ አስረከበ። ከዚያ በፓስፖርቱና በመታወቂያው ምን እንደሚደረግ መገመት አያቅትም።

ዳታ ሴንተርም ይቃጠላል። በመጋቢት 2021 ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ የሚገኝ የኦቪኤች ኩባንያ ሕንፃ ጋየ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች ፋይላቸው እንደወጣ ቀረ። ከስልክ ጋር ራሱን እያመሳሰለ የሚሠራ ክላውድ ደግሞ ስልክ ላይ ያጠፉትን እዚያም ያጠፋልዎታል፤ ስለዚህ ለብቻው ባክአፕ አይባልም። የማይተካ ፋይል ቤት ባለ ሃርድ ዲስክም ይኑር።

የመታወቂያና የባንክ ወረቀትን ከመጫንዎ በፊት ይቆልፉት። ክሪፕቶሜተር የተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ በነጻ ይሠራል፤ ሰቨን-ዚፕም በኤኢኤስ-256 ቆልፎ ይጠቀልላል። ፓስወርዱን ግን ፋይሉ ካለበት ቦታ አያስቀምጡ። ጊዜ ከሌለዎት ቢያንስ ዛሬ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ገብተው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ያብሩ፤ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ያለ ፓስወርዱ አያስገባም። ከዚያ የእናትዎን ስልክ ተቀብለው ያብሩላቸው፤ የልጆቹ ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ የሚላከው ለእሳቸው ነውና።