የአጥር እንጨት ምን ያህል መድኃኒት ይጠጣል?

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገሮች ለአጥር ከሚውሉት እንጨቶች መካከል በብዛት የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፥ ከውጭ አገር መጥቶ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተተከለ ወዲህ፥ በፍጥነት የሚያድግና ቀጥ ብሎ የሚወጣ በመሆኑ ከቤት ማገር እስከ ማገዶ ድረስ የማይገባበት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አንድ ድክመት አለበት። እንደ ጥድና እንደ ወይራ መበስበስንና ምስጥን በራሱ ኀይል ለብዙ ዘመን አይቋቋምም። በተለይም ቀጭኑ አጣና ገና ለጋ ሳለ የሚቆረጥና ጠንካራ ልብ ያላወጣ በመሆኑ፥ መሬት ከነካ ዕድሜው አጭር ነው።

የአጥር ቋሚ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ ገጽ አጠገብ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨትን የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፥ በተለይም የሻጋታ ዘመዶች፥ ለመኖር እርጥበትም አየርም ያስፈልጋቸዋል። በጥልቅ የተቀበረው ጫፍ እርጥበት ቢኖረውም አየር ያንሰዋል፤ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ደግሞ አየር ቢያገኝም ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። ሁለቱም በአንድነት የሚገኙት አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት በዚያች አንድ ስንዝር በምትሆን ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የእንጨት መከላከያ መድኃኒት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በዚህ ስፍራ ነው።

መድኃኒቱን ለመግዛት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ስንት ሊትር ይበቃል የሚል ነው። ግምቱ ቢያንስ አጥሩ እኩሌታው ተቀብቶ እኩሌታው ሳይቀባ ይቀራል፤ ወይም ሠራተኛው መድኃኒቱን ለማብቃቃት ሲል እያሳሳ ይቀባውና ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ይባክናል። ግምቱ ቢበዛ ደግሞ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መርዝነት ያለው ፈሳሽ በጎተራ ጥግ ተቀምጦ ልጆችና ከብቶች የሚደርሱበት ይሆናል።

ብዙ ሰዎች የአጥሩን ርዝመት በቁመቱ ያበዙና የሚቀባውን ስፋት ያገኙ ይመስላቸዋል። ይህ ስሌት ለግድግዳ ይሠራል፤ ለአጥር ግን አይሠራም። ግድግዳ ከአንድ ወገን የሚቀባ ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን፥ አጥር ግን የብዙ እንጨቶች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ እንጨትም ፊትና ኋላ፥ ግራና ቀኝ አለው። መድኃኒቱ የሚያገለግለው እንጨቱን ዙሪያውን ሲሸፍነው ነው፤ ምስጥ ባልተቀባው በኩል ለመግባት የሚከለክለው ነገር የለምና።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ትምህርት ቤት የጎመንና የቆስጣ መደቦቹን ከከብት ለመጠበቅ 40 ሜትር ርዝመት ያለው የአጣና አጥር ሊያጥር ነው እንበል። ከመሬት በላይ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ነው። ቋሚዎቹ በየ2 ሜትሩ ይተከላሉ፤ እነዚህም 20 ሳይሆኑ 21 ናቸው፥ ክፍተቶቹ 20 ሲሆኑ በመጨረሻ የሚቆም አንድ ቋሚ ይጨመራልና። እያንዳንዱ ቋሚ፥ የሚቀበረው ግማሽ ሜትር ሲጨመር፥ 2 ሜትር ርዝመት አለው። በቋሚዎቹ ላይ ሁለት ረድፍ ማገር ይመታል፤ በማገሩም ላይ በየሜትሩ ዐሥር አጣና ይቆማል።

የክብ እንጨትን ዙሪያ ለማወቅ ከገመድ የቀለለ መሣሪያ የለም። ገመዱ በእንጨቱ ላይ አንድ ጊዜ ይጠመጠምና ርዝመቱ በሜትር ይለካል። አጣና ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ በወገቡ ላይ መለካት ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ሳይሆን ዐሥር ያህሉን ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል። በምሳሌያችን የቋሚው ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር፥ የማገሩ 25 ሳንቲ ሜትር፥ የአጣናው 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ እንበል። ዙሪያው በርዝመቱ ሲበዛ የአንዱን እንጨት የሚቀባ ገጽ ይሰጣል። በዚህ መሠረት 21ዱ ቋሚዎች 16.8 ካሬ ሜትር፥ 80 ሜትር የሚሆነው ማገር 20 ካሬ ሜትር፥ 400ው አጣና ደግሞ 120 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ድምሩ 156.8፥ በድፍኑ 157 ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱን በቁመቱ ብቻ ያበዛ ሰው ግን ያገኘው 60 ካሬ ሜትር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አጣናዎቹ ክፍተት ሳይኖራቸው ተጠጋግተው ቢቆሙ፥ ቀጫጭንም ይሁኑ ወፋፍራም፥ የሚቀባው ገጽ የርዝመቱና የቁመቱ ብዜት 3.14 እጥፍ ይሆናል። እንጨቱ ሲቀጥን የእያንዳንዱ ዙሪያ ያንሳል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ ቁጥሩ ይበዛል። ስለዚህ ቀጭን አጣና በመምረጥ መድኃኒት መቆጠብ አይቻልም።

ስፋቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው አንድ ሊትር ምን ያህል ይሸፍናል የሚለው ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለሻካራ እንጨት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሜትር የሚል ጽሑፍ የተለመደ ነው፤ በመላጊያ ለተላገ እንጨት ከዚያ በላይ ይሆናል። ሆኖም እንጨት ሁሉ እኩል አይጠጣም። የደረቀና የተሰነጣጠቀ እንጨት በብዛት ይጠጣል፤ እርጥብ እንጨት ግን ቀዳዳዎቹ በውሃ የተሞሉ ስለሆኑ መድኃኒቱን አያስገባም፥ በላዩ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ጥቂት መድኃኒት ስለ በቃው ደስ የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ እርጥብ እንጨት የቀባ ሰው ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ቅርፊቱ ተልጦ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ተከምሮ ለወራት ሊደርቅ ይገባዋል፤ የሚቀባውም በበጋ ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ግን በራሱ እንጨት ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። ዐሥር አጣና 3 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። አንድ ሊትር መድኃኒት በጠባብ ዕቃ ተለክቶ ዐሥሩ ሲቀቡ 600 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፥ አንዱ ሊትር 5 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። ከደረቀ በኋላ ሁለተኛ እጅ ሲቀባ እንጨቱ ጥሙ ስለ በረደ 300 ሚሊ ሊትር ብቻ ሊወስድ ይችላል፤ ይህም በሊትር 10 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ 157 ለ5 ሲካፈል 31.4 ሊትር፥ ለ10 ሲካፈል 15.7 ሊትር ይሆናል፤ ለሁለቱ እጅ በድምሩ 47.1 ሊትር ማለት ነው። በዚህ ላይ አንድ ዐሥረኛው፥ ይኸውም 4.7 ሊትር፥ ይታከላል። ይህ ጭማሪ በብሩሽ ላይ ለሚቀረውና ለሚንጠባጠበው፥ ከጎኑ ይልቅ አብዝቶ ለሚጠጣው የተቆረጠ ጫፍ፥ እንዲሁም የቋሚዎቹ የታችኛው 70 ሳንቲ ሜትር ሦስተኛ እጅ እንዲቀባ ነው። የሚገዛው 52 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትርና ሦስት ባለ 4 ሊትር ዕቃ በትክክል ይሞሉታል። በ60 ካሬ ሜትር ያሰበ ሰው ግን የሚገዛው 18 ሊትር ነበር።

በብሩሽ የተቀባ መድኃኒት ከገጹ ብዙም ጠልቆ እንደማይገባ ማወቅ ይገባል። የስልክና የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚሆነው ባሕር ዛፍ መድኃኒቱ የሚገባበት በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ነው። ስለሆነም በብሩሽ የተቀባ አጥር በየጥቂት ዓመቱ ሊታደስ ይገባል፤ ከተቀባ በኋላ የተቆረጠ ወይም የተበሳ ስፍራም ወዲያውኑ እንደገና መቀባት አለበት።

ዋጋውን በመፍራት ብዙዎች ከጋራዥ የሚገኘውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባሉ። ይህ ዘይት በሞተር ውስጥ ሲያገለግል የብረታ ብረት ብናኝና ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮችን ይሰበስባል፤ ዝናብ ሲያጥበውም ወደ አፈሩ ይወርዳል። ለሚበላ አትክልት በታጠረ አጥር ላይ ሊውል አይገባውም። የሚገዛውም መድኃኒት ቢሆን በአትክልት አጠገብ ለመዋል የተፈቀደ መሆኑ ከጽሑፉ መረጋገጥ አለበት። ቀቢው ጓንት ያጠልቃል፤ ሥራው ተፈጽሞ እጁን በሳሙና ሳይታጠብም ምግብ አይነካም።

የተቀባ እንጨት ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ ወደ ምድጃ አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነውና። ባዶው ጄሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ፥ ለጠላ ወይም ለዘይት አያገለግልም፤ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ተበስቶ ይወገዳል። የተረፈ መድኃኒት ካለም በራሱ ዕቃ፥ ጽሑፉ ሳይላጥ፥ ክዳኑ ጠብቆ በተቆለፈ ቤት ይቀመጥና በሚቀጥለው በጋ ለተሰነጠቁት አጣናዎች ይውላል።