ዩኒቨርሲቲው ወደ ዓሣ አጥማጆች መንደር ሲወርድ

የሃይማኖት ተቋም የመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በዘመናዊው ኅብረተሰብ ውስጥ ተልዕኮው ምንድን ነው? የራሱን ምዕመናን ማስተማር ብቻ ነው ወይስ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ ሁሉ ማገልገል? በምሥራቅ ካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ አንቲጎኒሽ በተባለች አነስተኛ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው።

የካቶሊክ ተቋም የኾነው ይህ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 ነው። በ1920ዎቹ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆችና አርሶ አደሮች በድህነት ይማቅቁ ነበር። ዓሣ አጥማጁ የሥራ መሣሪያውንና ቀለቡን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ያጠመደውን ዓሣ ደግሞ ነጋዴው ራሱ በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ዕዳው ሳያልቅ ሌላ ዕዳ ይደረባል። ወጣቱም ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል።

የዩኒቨርሲቲው መምህር አባ ጂሚ ቶምፕኪንስ ዕውቀት በግቢ አጥር ተከልሎ መቅረት እንደሌለበት አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። በዩኒቨርሲቲዎች ውሕደት ጉዳይ ከጳጳሳቸው ጋር ባለመስማማታቸው ካንሶ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተዛወሩ። በዚያም የሕዝቡን ችግር በቅርብ አዩ።

ዩኒቨርሲቲው በ1928 የኤክስቴንሽን ክፍል አቋቋመ፤ ኃላፊውም አባ ሞሰስ ኮዲ ኾኑ። አሠራሩ ቀላል ነበር። መጀመሪያ የመንደሩ ሕዝብ ለስብሰባ ይጠራል። ቀጥሎ ጎረቤታሞች በየቤቱ አነስተኛ የጥናት ቡድን ይመሠርታሉ። ችግራችን ምንድን ነው? በእጃችን ያለው ሀብትስ? ብለው ይወያያሉ፤ ዩኒቨርሲቲው የሚልክላቸውን ጽሑፍም ያነባሉ። ከውይይቱ ሥራ ይወለዳል። የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ የኅብረት ሱቆች፣ ሎብስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች በአባላቱ ባለቤትነት ተቋቋሙ። ለመሳተፍ ካቶሊክ መኾን ግዴታ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን የማንነት ጥያቄው መልስ አገኘ ማለት አይደለም። በ1967 በአሜሪካ ላንድ ኦ ሌክስ የተሰበሰቡ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ መሪዎች፣ ተቋማቱ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ እንዲኾኑ የአካዳሚ ነጻነት እንደሚያስፈልጋቸው አስታወቁ። በ1990 ደግሞ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ባወጡት ሰነድ፣ የምርምር ነጻነት እንዲከበር፣ ተቋማቱም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያላቸውን ትስስር በግልጽ እንዲያሳዩ ደነገጉ። ፍትሕን ማስፈንና ተፈጥሮን መጠበቅም የአገልግሎታቸው አካል እንደኾነ ሰነዱ ያስረዳል። ነጻነትንና እምነትን አጣጥሞ የመሄዱ ክርክር ዛሬም ቀጥሏል።

በ1959 በአባ ኮዲ ስም የተቋቋመው ተቋም ከልዩ ልዩ ሀገራት የሚመጡ የልማት መሪዎችን ያሠለጥናል።

የኅብረት ሥራ ማኅበርም ኾነ የልማት ሠራተኛ ለኢትዮጵያ አርሶ አደር እንግዳ አይደሉም። የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎችም ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የማኅበረሰብ አገልግሎት ኃላፊነት አለባቸው። የአንቲጎኒሽ ታሪክ የሚያሳየው፣ ይህ አገልግሎት ፍሬ የሚያፈራው ምሁሩ ከማስተማሩ በፊት የገበሬውን ጥያቄ ሲያዳምጥ መኾኑን ነው።